«የመርሳት በሽታ» የሚለው ስም የጋረደው፦ የአልዛይመር ሕሙማን የስሜትና የጠባይ ምልክቶች በሚመዘኑበትና በሚታከሙበት መንገድ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

አልዛይመርና መሰሎቹ በአማርኛ «የመርሳት በሽታ» በሚል ስም ይታወቃሉ። ስሙ ቀላል ነው፤ ለሕዝብ ትምህርትም ያመቻል። ይሁን እንጂ ማንኛውም ስም አንዱን ነገር ሲያሳይ ሌላውን ይጋርዳል። «መርሳት» የሚለው ቃል የበሽታውን አንድ ገጽ፣ ማለትም የትውስታን መዳከም፣ ከፊት ሲያቆም ቤተሰብን ይበልጥ የሚያስጨንቀውን ሌላውን ገጽ ከኋላ ያስቀራል። ይህ ሁለተኛው ገጽ ጥርጣሬ፣ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ድብርት፣ ግድየለሽነት፣ ሌሊት ተነሥቶ መዘዋወር፣ ይሉኝታ ማጣት፣ የሌለ ነገር ማየትና መስማት ነው።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። በባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዳርቻ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች አንድ አዛውንት የጎረቤት ስም ቢጠፋባቸው ወይም የትናንቱን ቢዘነጉ ብዙውን ጊዜ «እርጅና ነው፤ ጃጅተዋል» ተብሎ ይታለፋል። ቤተሰብን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጸበል የሚያስኬደው ሌላ ነገር ነው፤ ምራታቸውን «ገንዘቤን ሰረቀችኝ» ማለት ሲጀምሩ፣ አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን በዝሙት ሲጠረጥሩ፣ ወይም በውድቅት ሌሊት በሩን ከፍተው ሲወጡ ነው። የጤና ባለሙያው ፊት የሚቀርበው አቤቱታ የመርሳት ስላልሆነ ባለሙያው ስለ መርሳት አይጠይቅም። በዚህ ምክንያት «የመርሳት በሽታ» የተባለው ሕመም በሩን አንኳኩቶ ሲገባ ሳይታወቅ ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን በሂስ ዐይን ይመረምራል፤ እነዚህን ምልክቶች ለመመዘን በዓለም ዙሪያ የሚያገለግለውን መጠይቅ፣ ለአጠቃላይ የጤና አገልግሎት የተዘጋጀውን መመሪያና አተገባበሩን፣ እንዲሁም ምልክቶቹን በእንቅልፍ መድኃኒትነት በሚታወቁ የአእምሮ መድኃኒቶች ጸጥ የማድረግን ልማድ።

በሽታው በመጀመሪያ የታየው በጠባይ ለውጥ ነው

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1901 አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። የመረመራት ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እንደ መዘገበው፣ ከሕመሟ ምልክቶች ቀድሞ ጎልቶ የታየው በባሏ ላይ ያደረባት ብርቱ ቅናት ነበር። የትውስታ መዳከሙ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ተከተለ። ዕቃ ከቦታ ቦታ እያነሣች ትደብቅ ነበር፤ ሰዎች ሊገድሏት እንደሚፈልጉ አምና ትጮኽ ነበር። በኤፕሪል 1906 ከሞተች በኋላ አልዛይመር አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ያገኘውን በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ቱቢንገን ላይ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች አቀረበ፤ በ1907 ደግሞ በጽሑፍ አወጣው። በ1910 ኤሚል ክሬፕሊን በመማሪያ መጽሐፉ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። በሽታው ወደ ሕክምና ዓለም የገባው በቅናት፣ በፍርሃትና በጩኸት በር ነው። በኋለኞቹ ዘመናት ግን የምርመራው ክብደት ወደ ትውስታ አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና በዓለም ሁሉ የተሠራጨው የ30 ነጥብ አጭር የአእምሮ ምርመራ ቀንን፣ ቦታን፣ ቁጥርንና ቃላትን ይጠይቃል እንጂ ስለ ጥርጣሬም ሆነ ስለ ፍርሃት አንድም ጥያቄ የለውም። የስሜትና የጠባይ ምልክቶች የጋራ ስያሜ አግኝተው የበሽታው አካል መሆናቸው በይፋ የተነገረው ዓለም አቀፉ የአረጋውያን ሥነ አእምሮ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 በጠራው ጉባኤ ነው።

ምልክቶቹ የጥቂቶች ዕጣ አይደሉም። በአሜሪካ ዩታ ግዛት በካሽ አውራጃ የተካሄደው ጥናት ሕሙማኑን ለአምስት ዓመታት ሲከታተል 97 በመቶዎቹ ቢያንስ አንዱ ምልክት ታይቶባቸዋል። «10/66» በሚል ስም የሚታወቀው የተመራማሪዎች ኅብረት በ17 ታዳጊ አገሮች በ555 ሕሙማን ላይ ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጥናት ከ10 ሕሙማን በ7ቱ ላይ ያህል ምልክቶቹን አግኝቷል። የኅብረቱ ስም ራሱ ወቀሳ ነው፤ ሲመሠረት 66 በመቶ የሚሆኑት ሕሙማን በታዳጊ አገሮች ይኖሩ ነበር፤ በእነዚህ አገሮች ላይ ያተኮረው ጥናት ግን ከ10 በመቶ አይበልጥም ነበር።

መጠይቁ፣ ጥንካሬውና ገደቡ

የስሜትና የጠባይ ምልክቶችን ለመመዘን በብዛት የሚያገለግለው መሣሪያ በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ ኤን.ፒ.አይ. የሚባለው መጠይቅ ነው። ጄፍሪ ከሚንግስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 በ10 ርእሶች አዘጋጁት፤ በኋላ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ተጨምረው 12 ሆኑ። ጥያቄው የሚቀርበው ለአስታማሚው ነው። ምልክቱ ካለ ድግግሞሹ ከ1 እስከ 4፣ ክብደቱ ከ1 እስከ 3 ይሰጠውና ሁለቱ ይባዛሉ። በመሆኑም አንድ ርእስ እስከ 12፣ መላው መጠይቅ ደግሞ እስከ 144 ነጥብ ይደርሳል። አስታማሚው ራሱ የደረሰበት ጭንቀትም ከ0 እስከ 5 ለብቻው ይመዘናል።

የመጠይቁ ትልቁ በጎነት ግድየለሽነትን ከድብርት፣ ጥርጣሬን የሌለ ነገር ከማየት ለይቶ መጠየቁ ነው። ከሕመሙ በፊት የነበረ ጠባይ እንዳይቆጠር፣ ለውጡ ብቻ እንዲመዘን ማዘዙም ተገቢ ነው። የአስታማሚውን ጭንቀት መመዘኑ ደግሞ ሕመሙ የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን ያስገነዝባል።

ችግሩ የሚጀምረው ጥያቄዎቹ ሲተረጎሙ ነው። «ይሉኝታ ማጣት» በሚለው ርእስ ሥር ሕመምተኛው ፈጽሞ የማያውቃቸውን ሰዎች እንደሚያውቃቸው አድርጎ ያናግር እንደ ሆነ ይጠየቃል። በዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ በሚያልፈው መንገድ ግን የማያውቁትን ሰው ቆሞ «እንዴት ዋልክ? ቤተሰብ ደኅና ነው?» ማለት ወግ ነው፤ እንግዳ የሚሆነው ሰላም ሳይል የሚያልፈው ነው። እዚያ የሕመም ምልክት ሊሆን የሚችለው የተገላቢጦሹ ነው፤ ለሰላምታ የማይነሡ አዛውንት፣ እንግዳ ሲገባ «ኖር» የማይሉ ባለ ወግ።

በጥርጣሬ ርእስ ሥር ደግሞ የቴሌቪዥን ወይም የመጽሔት ሰዎች ቤት ውስጥ ያሉ ይመስለው እንደ ሆነ ይጠየቃል። ቴሌቪዥን በሌለበት ቤት ጥያቄው ባዶ ነው። በአንጻሩ በአካባቢው ከሁሉ ጎልቶ ሊሰማ የሚችለው ጥርጣሬ፣ የመሬት ደብተርን የሚመለከተው፣ በመጠይቁ ውስጥ ስም የለውም። «ልጄ ደብተሬን ወስዶ መሬቴን ሊያከራይብኝ ነው» የሚሉ አባት የተሳሳተ እምነት አድሮባቸው ሊሆን ይችላል፤ እውነት ተናግረውም ሊሆን ይችላል። በመሬት ላይ የሚነሣ የቤተሰብ ጠብ እንግዳ ነገር ባልሆነበት አገር ባለሙያው ነገሩን ሳያጣራ በጥርጣሬ ዓምድ ነጥብ ቢሰጥ አንድን ሽማግሌ ርስታቸውንም እማኝነታቸውንም ሊያሳጣቸው ይችላል።

የእንቅልፍ ጥያቄም እንዲሁ ነው። ሌሊት ተነሥቶ፣ ለብሶ፣ ነግቷል ብሎ ለመውጣት መዘጋጀት በመጠይቁ እንደ ምልክት ይቆጠራል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ለማሕሌት በሌሊት ሲነሡ የኖሩ መሪጌታ ወይም እንጨት በታንኳ ጭነው ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ለመሻገር ገና ሳይነጋ ይነሡ የነበሩ ሰው ሌሊት ቢነሡ አካላቸው የሚያስታውሰውን ሥራ እየሠሩ ነው። ይህ ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም። ሐይቁ ቅርብ ነው፤ ዐባይም ከከተማው ዳር ይፈስሳል። ነገር ግን «ዓላማ የሌለው መዘዋወር» ብሎ መመዝገብና «ወደ ሥራው እየሄደ ነው» ብሎ መረዳት ወደ ተለያየ ሕክምና ይመራሉ።

በምግብ ርእስ ሥር የክብደትና የፍላጎት ለውጥ ይጠየቃል፤ ጾም ግን አይጠየቅም። በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ ቤተሰብን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደነግጠው ጾም አክባሪ የነበሩ እናት በጾም ቀን የፍስክ ምግብ ሲበሉ መታየታቸው ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ከምሳ በኋላ «ገና አልቀደስኩም» ብለው ምግብና መድኃኒት የሚመልሱም አሉ። ከቅዱሳን ጋር በጸሎት መነጋገርም የሌለ ነገር ከመስማት ተለይቶ መጠየቅ አለበት። መለያው የእምነቱ ይዘት ሳይሆን ለውጡና ሥቃዩ ነው፤ ጸሎቱ የሚያጽናናቸው ነው ወይስ የሚያስደነግጣቸው? የነፍስ አባታቸውስ እንግዳ ነገር አይተውባቸዋል?

ከጥያቄው ባልተናነሰ መንገድ የጠያቂው አቀራረብ ወሳኝ ነው። መጠይቁ አስታማሚው ለብቻው እንዲጠየቅ ያዛል። በተጨናነቀ የተመላላሽ ክፍል ይህ አይሟላም። ልጅ የአባቱን ነውር አባቱ በተቀመጡበት፣ ሌላ ታካሚ በሚሰማበት እንዲናገር ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ «ደኅና ናቸው» ነው። ብዙ የምታውቀው ምራት ደግሞ የምትናገረው ባሏና የባሏ እኅቶች ከሌሉ ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ የተገኘ ዜሮ ነጥብ የጤንነት ሳይሆን የይሉኝታ ውጤት ነው።

መመሪያውና ያልተካተተው ሕመም

የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና ክፍተትን ለማጥበብ የነደፈውን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ አደረገ፤ በ2010 የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ ባለሙያዎች የሚያገለግል መመሪያ፣ በ2016 ደግሞ የተሻሻለውን ሁለተኛ እትም አወጣ። መመሪያው ለዚህ ሕመም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ባለሙያው ድንገተኛ የአእምሮ መታወክንና ድብርትን እንዲለይ፣ ለጠባይ ለውጡ አካላዊ መንሥኤ እንዲፈልግ፣ የአስታማሚውን ድካም እንዲጠይቅ ያዛል። በይዘቱ የሚነቀፍበት ጥቂት ነው።

ሂሱ ያለው በአተገባበሩ ነው። ኢትዮጵያ መርሐ ግብሩን ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ነበረች፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ቅድሚያ የተሰጣቸው ግን አራት ችግሮች ናቸው፤ ሳይኮሲስ፣ ድብርት፣ የሚጥል በሽታና የአልኮል ችግር። ምርጫው ምክንያት ነበረው፤ አገልግሎቱ አዲስ፣ የሠለጠነው ሰው ጥቂት ነበር። የአእምሮ መዛል የሚያመጡ የአረጋውያን ሕመሞች ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልገቡም።

ባለሙያ የሚያየው እንዲያይ የተማረውን ነው። አራት ዓምድ ያለው ትምህርት የተማረ ነርስ ምራታቸውን በስርቆት የሚከሱ የ75 ዓመት እናት ሲቀርቡለት ሊመርጥ የሚችለው «ሳይኮሲስ» የሚለውን ነው። ከሰው ርቀው ጥግ የያዙ አባት ሲቀርቡለት «ድብርት» ይላል። ሁለቱም ስሕተት ላይመስሉ ይችላሉ። ነገር ግን በመጀመሪያው ሁኔታ እናቲቱ ለወጣት ሕመምተኛ በታሰበ መጠን ክሎርፕሮማዚን፣ በሁለተኛው ሁኔታ አባት አሚትሪፕትሊን ይዘው ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ሁለቱም መድኃኒቶች ደግሞ የደከመውን ትውስታ ይበልጥ ያዳክማሉ። በዕድሜ ገፍተው ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራጣሪነት ወይም የድብርት ምልክት የታየባቸው ሰው ሁሉ ስለ ትውስታቸውና ስለ ዕለት ተዕለት ሥራቸው ሳይጠየቁ እንዳይሄዱ የሚያደርግ አንድ ዐረፍተ ነገር በሥልጠናው ላይ ቢጨመር ይህ ጉዳት በእጅጉ ይቀንሳል።

ጸጥ የማድረግ ልማድ

እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር 17 ሙከራዎችን መርምሮ አዳዲሶቹ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች እነዚህን አረጋውያን የሚገድሉበት መጠን የማስመሰያ እንክብል ከወሰዱት ከ1.6 እስከ 1.7 እጥፍ መሆኑን አስታወቀ፤ በ10 ሳምንት ያህል ሙከራ የሞቱት 4.5 በመቶ ሲሆኑ በማስመሰያው ቡድን 2.6 በመቶ ነበሩ። በ2008 ማስጠንቀቂያው እንደ ሃሎፐሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉትን ነባር መድኃኒቶችም እንዲያካትት ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከ421 የአልዛይመር ሕሙማን የተገኘው የአሜሪካ ጥናት ውጤት ደግሞ የኦላንዛፒን፣ የኩዌቲያፒንና የሪስፐሪዶን ጥቅም በጎንዮሽ ጉዳታቸው እንደሚጣፋ አሳየ። በእንግሊዝ በ2009 ለመንግሥት የቀረበው ዘገባ መድኃኒቶቹን ከሚወስዱት 180,000 ያህል ሕሙማን ጥቅም የሚያገኙት 36,000 ያህሉ ብቻ እንደሆኑ፣ በየዓመቱም ወደ 1,800 የሚጠጋ ተጨማሪ ሞት እንደሚያስከትሉ ገመተ።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው። ሃሎፐሪዶልና አዳዲሶቹ መድኃኒቶች የመጀመሪያ ሕክምና ሊሆኑ አይገባም፤ በሕመምተኛው ወይም በሌላው ላይ ግልጽ አደጋ ሲኖር ለአጭር ጊዜ፣ በትንሽ መጠን ሊታሰቡ ይችላሉ። ክሎርፕሮማዚን ግን ለዚህ ጉዳይ ጨርሶ አይመከርም። ምክንያቱ አይሰወርም፤ ከተቀመጡበት ሲነሡ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ አእምሮን ያደነዝዛል። ውጤቱ መውደቅና የዳሌ አጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል። በሃሎፐሪዶል የመጣን መንቀጥቀጥና መገታተር ለማስታገሥ ትራይሄክሲፈኒዲል ሲጨመር ደግሞ ትውስታው ዳግመኛ ይጎዳል፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ሁለተኛውን ይጠራል፤ ሁለተኛው ሕመሙን ያብሳል።

ይሁን እንጂ ሂሱ ሐቀኛ እንዲሆን የሌላውም ወገን ጭንቀት መነገር አለበት። ክሎርፕሮማዚን ርካሽ ነው፤ በቶሎ ያስተኛል፤ ሦስት ሌሊት ያልተኛች ልጅ የምትለምነውም ይህንኑ ነው። «መድኃኒት የለውም» ተብሎ ባዶ እጁን የተሸኘ ቤተሰብ ወደ ገመድና ወደ ቁልፍ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን መንቀፍ ብቻ አይበቃም፤ በምትኩ የሚሰጠው መታወቅ አለበት።

ከማዘዣው በፊት

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የካሌስ፣ የጊትሊንና የሊኬትሶስ አካሄድ አራት ደረጃ አለው፤ ጠባዩን በዝርዝር መግለጽ፣ መንሥኤውን መመርመር፣ ከቤተሰቡ ጋር መላ መፍጠር፣ ውጤቱን መመዘን። ሀብት አይጠይቅም፤ በጣና ዳርቻም ሊሠራ ይችላል።

መጀመሪያ «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ ለውጥ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ ነው። ወባ በሚገኝበት በዚህ አካባቢ የደም ምርመራ፣ የሽንት ምርመራ፣ የሳንባ ምች ፍተሻ ከማንኛውም የአእምሮ መድኃኒት ይቀድማሉ።

ሁለተኛው ሕመም ስሜት ነው። በምዕራብ ኖርዌይ በ18 የአረጋውያን መጦሪያዎች በ352 ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ሥቃይን ከፓራሲታሞል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማከም ብቻ መረበሽን በአማካይ በ17 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ወገባቸውን፣ ጥርሳቸውን ወይም የደረቀ ሆዳቸውን መናገር የተሳናቸው አዛውንት ሕመማቸውን የሚናገሩት በመጮኽና በመማታት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ዐይንና ጆሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዐይን ሞራ ግርዶሽ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ምክንያት የመጣ ነበር፤ የአማራ ክልል ደግሞ ትራኮማ ክፉኛ ከተሠራጨባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በጨለምተኛ ጎጆ ውስጥ ዐይናቸው የደከመ እናት በምሰሶው ጥላ ሰው ቢያዩ፣ ጆሯቸው የከበደ አባት በጓዳ የሚንሾካሾኩትን «ይመክሩብኛል» ቢሉ መፍትሔው የግርዶሹ ቀዶ ሕክምናና የተዘጋውን ጆሮ ማጽዳት ሊሆን ይችላል። ወደ ውስጥ የተቀለበሰ የዐይን ሽፋሽፍት የሚቆረቁራቸው ሰው ቢነጫነጩም ሊያስደንቅ አይገባም።

አራተኛው የቀኑ አዋዋል ነው። ቀኑን ያለ ሥራ የተቀመጠ ሰው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይቅበጠበጣል። ጥጥ ሲፈትሉ ለኖሩ እናት እንዝርት፣ ቡና ሲለቅሙ ለኖሩ ሰፌድና ጥሬ ቡና፣ ጸሎተኛ ለሆኑ መቁጠሪያ መስጠት ሕፃን ማታለል አይደለም፤ የተረፈውን ችሎታ ማክበር ነው። «ወደ ቤቴ ልሂድ» ሲሉ «ቤትዎ ይኸው አይደለም እንዴ» ብሎ ከመከራከር ትንሽ አብሮ ተራምዶ መመለስ ይሻላል። ጸበል ለሚሄዱም ክርክር አያስፈልግም፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ በብርድ እንዳይጎዱ፣ እንዳይታሰሩ መስማማት ይቻላል።

አምስተኛው የተከሰሰችው ናት። ምራት ወይም የቤት ሠራተኛ በስርቆት ስትከሰስ ነገሩ ወደ ፍቺ፣ ወደ መባረር፣ እስከ ፖሊስ ሊደርስ ይችላል። ብሩ የተቋጠረበት መቀነት ከፍራሽ ሥር ሲገኝም «መልሳ አስቀመጠችው» ይባላል። ባለሙያው ቤተሰቡን ሰብስቦ «ይህ የሕመሙ አንዱ ምልክት ነው» ብሎ ቢያስረዳ የአንዲትን ንጹሕ ሰው ስም ያድናል፤ የሕመምተኛዋንም አስታማሚ ያቆያል። ይህን የሚተካ እንክብል የለም።

ማጠቃለያ

«የመርሳት በሽታ» የሚለውን ስም ከሕዝብ አፍ መንጠቅ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው በጤና ተቋም ውስጥ ስሙ የሚጋርደውን ማወቅ ነው። መጠይቁ ሲተረጎም ቃሉ ብቻ ሳይሆን ወጉም መተርጎም አለበት፤ ሰላምታው፣ ጾሙ፣ ማሕሌቱና የመሬት ደብተሩ በጥያቄዎቹ ውስጥ ቦታ ሊያገኙ ይገባል። በሥልጠና ረገድ በእርጅና የመጣ የጠባይ ለውጥ ሁሉ ወደ ትውስታ ጥያቄ የሚያሻግር በር ሊኖረው ይገባል። በማዘዣ ረገድ ክሎርፕሮማዚን ከዚህ ሕመም መራቅ አለበት፤ ሃሎፐሪዶል ሲታዘዝም ምክንያቱ፣ መጠኑና የሚቆምበት ቀን በካርዱ ላይ አብረው መጻፍ አለባቸው።

የአውጉስተ ዴተር ቅናት በዘመኑ የባልና ሚስት ጠብ ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። አልታለፈም፤ ሐኪሙ የምትለውን ቃል በቃል እየጻፈ፣ እየጠየቀ አዳመጣት። በሽታው የታወቀው እንዲህ ነው። ዛሬ በባሕር ዳር የተመላላሽ ክፍል «ምራቴ ሰረቀችኝ» የሚሉ እናት የሚጠብቁትም ከማዘዣው አስቀድሞ ይህንኑ ማዳመጥ ነው።